ከቀዶ ሕክምናው በኋላ፦ ንቅለ ተከላ፣ የስኳር ሕመምና ኢንፌክሽን ከኬፕ ታውን እስከ ባሕሪ

ዓባይ ከጣና ተነሥቶ ረጅሙን መንገድ ጨርሶ ከነጭ ዓባይ ጋር የሚገናኘው በካርቱም ነው። ከመገናኛው በላይ በወንዙ ቀኝ ዳርቻ የተቆረቆረችው ባሕሪ፣ ከሦስቱ እህትማማች ከተሞች የፋብሪካዋ ከተማ በመሆን ትታወቃለች። ለኢትዮጵያውያን ነዋሪዎቿ ደግሞ የእንጀራ ከተማ ነበረች። በሱዳን የሕክምና ታሪክ ግን ስሟ የሚነሣው በሌላ ምክንያት ነው። የአሕመድ ጋሲም ሆስፒታል የልብ ቀዶ ሕክምናና የኩላሊት ንቅለ ተከላ ማዕከል የሚገኘው በዚህችው ከተማ ነውና። በዚያ ግቢ ወንድም ለወንድሙ፣ እናት ለልጇ ኩላሊት ሰጥተዋል።

ንቅለ ተከላ የተደረገለትን ሰው ዘመድ ወዳጅ ሊጠይቀው ሲሄድ በቅድሚያ የሚያነሣው ጥያቄ «ኩላሊቱ ተቀበለው ወይ?» የሚል ነው። ሐኪሙ ግን ከዚህ እኩል፣ አንዳንዴም ከዚህ አስቀድሞ የሚጠይቀው ሌላ ነገር አለ፦ «ትኩሳት አለው ወይ?» ታማሚው የስኳር ሕመምተኛ ከሆነ የሁለተኛው ጥያቄ ክብደት እጥፍ ይሆናል። ይህ ጥያቄ ምን ያህል የቆየና በስንት ሰው ሕይወት የተገዛ እንደ ሆነ ለመረዳት ከባሕሪ ተነሥቶ ወደ አህጉራችን ደቡባዊ ጫፍ መውረድ ያስፈልጋል። (በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የዋሽካንስኪ ሳንባ

እሑድ ኅዳር 23 ቀን 1960 ዓ.ም. ሊነጋጋ ሲል፣ በኬፕ ታውን ግሩት ስኩር ሆስፒታል ዶክተር ክርስቲያን ባርናርድ የመጀመሪያውን ከሰው ወደ ሰው የተደረገ የልብ ንቅለ ተከላ ፈጸሙ። ልቡ በመኪና አደጋ ሕይወቷ ያለፈው የ25 ዓመቷ ወጣት የዴኒዝ ዳርቫል ነበር። ተቀባዩ ሉዊስ ዋሽካንስኪ፣ ከሊትዌኒያ የፈለሰ አይሁዳዊ የሸቀጣ ሸቀጥ ነጋዴ ነበር። የዓለም ጋዜጦች ይህን ሁሉ ደጋግመው ጽፈዋል። የዚያችው ወጣት ኩላሊት በዚሁ ቀን ለአንድ ክልስ ልጅ መተከሉንም ጽፈዋል፤ በአፓርታይድ ምድር የነጭ ኩላሊት በክልስ ገላ ውስጥ መግባቱ የራሱ ወሬ ነበረውና።

እምብዛም ያልተወራው ግን ዋሽካንስኪ የስኳር ሕመምተኛ የነበረ መሆኑ ነው። ልቡ ደክሞ እግሮቹ በውሃ አብጠው ነበር፤ የእግሩም ቆዳ ከቀዶ ሕክምናው አስቀድሞ ተመርዞ ነበር። እንዲህ ያለው ሰው ላይ ሐኪሞቹ ሰውነቱ ባዕዱን ልብ እንዳይገፋ በሽታ የመከላከል ኃይሉን የሚያዳክሙ መድኃኒቶችን ሰጡት፦ አዛታዮፕሪን፣ ከኮርቲዞን ወገን የሆኑ ስቴሮይዶች፣ በዚህም ላይ ጨረር። የመጀመሪያዎቹ ቀናት መልካም ነበሩ። ታማሚው ተነጋገረ፣ ሣቀ፣ ድምፁ በራዲዮ ተሰማ።

በሁለተኛው ሳምንት በደረቱ የራጅ ፎቶግራፍ ላይ ጥላ ታየ። እዚህ ላይ የታሪኩ እምብርት አለ። ጥላው ከሁለት አንዱ ሊሆን ይችል ነበር፤ ወይ ሰውነት አዲሱን አካል የመግፋት ምልክት፣ ወይ ኢንፌክሽን። ሁለቱ ተቃራኒ ሕክምና ይሻሉ። ሰውነት እየገፋ ከሆነ መድኃኒቱ ይጨመራል፤ ኢንፌክሽን ከሆነ ይቀነሳል። ሐኪሞቹ በመጀመሪያ ልቡ እየተገፋ ነው ብለው ጠረጠሩና የመከላከያ ማዳከሚያውን ጨመሩ። የሳንባ ምች መሆኑ ሲታወቅ ጊዜው አልፎ ነበር። ዋሽካንስኪ በ18ኛው ቀን፣ ዲሴምበር 21 ቀን 1967 አረፈ። አዲሱ ልብ ግን እስከ መጨረሻው በብርታት ይመታ ነበር።

ባርናርድን በዚህ መውቀስ ቀላል ነው፤ ፍትሓዊ ግን አይደለም። በዚያ ዘመን ሁለቱን የሚለይ አስተማማኝ ምርመራ አልነበረምና። ዛሬም ቢሆን ትኩሳት ይዞ የመጣን የንቅለ ተከላ ታማሚ የሚያይ ሐኪም የሚጨነቀው በዚሁ ጥያቄ ነው። ባርናርድ ሁለተኛውን ታማሚ ዶክተር ፊሊፕ ብሌይበርግን በጃንዋሪ 1968 ሲያክሙ፣ ጠያቂ በማይገባበት፣ ሠራተኛው ሁሉ ጭንብል አጥልቆ በሚገባበት ክፍል አኖሩት። ብሌይበርግ ከ19 ወራት በላይ ኖረ።

አንዱ መድኃኒት፣ ሁለት ሥራ

እንደሚታወቀው የሰው ሰውነት የራሱን ከባዕዱ ይለያል። ጀርምን የሚገድለው ወታደር ነው የወንድምንም ኩላሊት እንደ ጠላት የሚያየው። በ1954 በቦስተን ዶክተር ጆሴፍ መሪ የመጀመሪያውን የተሳካ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ያደረጉት በመንታ ወንድማማቾች መካከል በመሆኑ ወታደሩ ልዩነቱን አላወቀም። መንታ የሌለው ሰው ግን ምን ይሁን? መልሱ በመጀመሪያ መላ ሰውነትን በጨረር መምታት ሆነ። በዚያው በቦስተን ሆስፒታል ይህ ከተደረገላቸው 12 ሕመምተኞች መካከል ለረጅም ጊዜ የተረፈው አንድ ብቻ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ አዛታዮፕሪንና ስቴሮይድ ተጣምረው መጡ። በ1980ዎቹ በኖርዌይ አፈር ከተገኘ ፈንገስ የተወጣው ሳይክሎስፖሪን፣ በ1990ዎቹ ደግሞ በጃፓን አፈር ከተገኘ ባክቴሪያ የተወጣው ታክሮሊመስ ተከተሉ። የንቅለ ተከላን ዕድሜ ያረዘሙት እነዚህ ናቸው።

ነገር ግን ዋጋ አላቸው። ስቴሮይድ ጉበት ስኳርን አብዝቶ እንዲለቅና ኢንሱሊን እንዳይሠራ ያደርጋል። ሳይክሎስፖሪንና ታክሮሊመስ፣ በተለይም ሁለተኛው፣ ኢንሱሊን የሚያመነጨውን የቆሽት ክፍል ያዳክማሉ። ስለዚህ ስኳር የነበረበት ሰው ስኳሩ ይጨምራል፤ ያልነበረበትም አዲስ የስኳር ሕመምተኛ ሊሆን ይችላል። ይህን የአሜሪካው የቀዶ ሐኪም ቶማስ ስታርዝል ገና በ1964 ጽፈውታል። ከፍ ያለ ስኳር በበኩሉ የነጭ የደም ሕዋሳትን ፍጥነትና የመግደል ኃይል ይቀንሳል። እንግዲህ አንዱ መድኃኒት በአንድ በኩል መከላከያውን በቀጥታ ያዳክማል፤ በሌላ በኩል በስኳሩ በኩል ዞሮ ደግሞ ያዳክመዋል።

የቀረውን የቆየው የስኳር ሕመም ያሟላዋል። ሕመሙ የፊኛን ነርቭ ሲጎዳ ሽንት ሙሉ በሙሉ አይወጣም፤ የቀረው ሽንት ደግሞ ለባክቴሪያ እንደ ረጋ ኩሬ ነው። አዲሱ ኩላሊት የሚገጠመው ከዚሁ ፊኛ ጋር በመሆኑ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት ያሰጋዋል። እግሩ ስሜት ካጣ ጠጠር ወይም ጫማ ያቆሰለውን አያውቅም። ቀጫጭን የደም ሥሮቹ ስለ ጠበቡ የዳነ የመሰለው ቁስል አይድንም። ከሁሉ የሚያስፈራው ግን ሙኮር የተባለው ፈንገስ ነው። በአየርና በአፈር ውስጥ የትም አለ፤ ጤነኛን ሰው አይነካም። ስኳሩ በጣም ከፍ ያለና ስቴሮይድ የሚወስድ ሰው ሲያገኝ ግን ከአፍንጫ ጀምሮ ወደ ዓይንና ወደ አንጎል ይዘልቃል። ሕንድ በ2021 የኮቪድ ወረርሽኝ ጊዜ «ጥቁር ፈንገስ» እየተባለ ያስለቀሳት ይኸው ነበር፤ ብዙዎቹ ተጠቂዎች ስኳር ያለባቸውና ስቴሮይድ የተሰጣቸው ነበሩ።

በዚህ ሁሉ ምክንያት እስከ 1970ዎቹ ድረስ ብዙ ሆስፒታሎች ስኳር ያለበትን ሰው ለንቅለ ተከላ አይቀበሉም ነበር። «ቢተከልለትም በኢንፌክሽን ይሞታል» የሚል ነበር ክርክሩ። ከዚህ የተለየው የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ነው። በዲሴምበር 1966 ዊልያም ኬሊና ሪቻርድ ሊላሂ በዚያ ለአንዲት የስኳር ሕመምተኛ ቆሽትንና ኩላሊትን በአንድ ላይ ተከሉ። (የሪቻርድ ታላቅ ወንድም ዋልተን ሊላሂ የባርናርድ መምህር ነበሩ፤ የዚህ ሙያ ዓለም በዚያን ጊዜ ጠባብ ነበረች።) ያቺ ሴት ብዙም አልኖረች። ሆኖም በዚያው ዩኒቨርሲቲ ስኳር ያለባቸውን መቀበል ቀጠለ፤ ውጤቱም በየዓመቱ እየተሻሻለ ሲሄድ ሌሎቹ ተከተሉ። ዛሬ የስኳር ሕመም ለኩላሊት መድከም በዓለም ላይ ግንባር ቀደሙ ምክንያት ሆኖ ሳለ ስኳር ያለበትን አንቀበልም ማለት አይቻልም።

ከሐኪሞቹ ልምድ አንድ የጊዜ ሠሌዳም ተገኘ። ቦስተናዊው ሐኪም ሮበርት ሩቢንና ባልደረቦቻቸው በ1981 እንዳስቀመጡት፣ በመጀመሪያው ወር የሚመጣው የቀዶ ሕክምናው ቁስል፣ የሽንት ቱቦውና የሆስፒታሉ ባክቴሪያ ነው። ከአንደኛው እስከ ስድስተኛው ወር፣ መድኃኒቱ በሚበረታበት ጊዜ፣ ተኝተው የነበሩት ይነሣሉ፦ ሳይቶሜጋሎ ቫይረስ፣ ኒሞሲስቲስ የተባለው የሳንባ ምች፣ የሳንባ ነቀርሳ። ከስድስት ወር በኋላ ኩላሊቱ ደህና ለሆነለት ሰው አደጋው እየቀነሰ ጎረቤቱን ከሚይዘው ጉንፋንና የሳንባ ምች ጋር ይቀራረባል። ለስኳር ሕመምተኛው ግን ይህ የመጨረሻው እፎይታ ሙሉ አይደለም፤ እግሩና ፊኛው የወር ቁጥር አያውቁምና።

ካርቱምና ባሕሪ

ሱዳን ወደዚህ መንገድ የገባችው ብዙዎች ከሚገምቱት ቀደም ብላ ነው። ፕሮፌሰር ዑመር በሊል የመጀመሪያውን የኩላሊት ንቅለ ተከላ በካርቱም ያደረጉት በ1974 ነበር። ጅማሮው ግን እንደ ታሰበው ሳይሰፋ ብዙ ዓመታት አለፉ፤ አቅም ያለው ሕመምተኛ ወደ ውጭ አገር ይሄድ ነበር። በዚያን ዘመን ኩላሊት ገዝቶ መመለስም የተለመደ ሆኖ ነበር። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ወደ ቦምቤይ ሄደው በተገዛ ኩላሊት የተመለሱ ሰዎች ዕጣ በ1990 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ሲታተም፣ ከመካከላቸው የሞቱ፣ የኤች.አይ.ቪ. ቫይረስ ይዘው የተመለሱም መኖራቸው ታወቀ። ሰጪውን ማን መረመረው? የሚለው ጥያቄ የሕግ ብቻ ሳይሆን የኢንፌክሽን ጥያቄም መሆኑ የታየው በዚህ ነው።

ኋላ ላይ በአገር ውስጥ፣ በባሕሪው አሕመድ ጋሲምና በሌሎችም ማዕከሎች፣ ከሥጋ ዘመድ በሚሰጥ ኩላሊት ሥራው ሲጠናከር ነገሩ መልኩን ለወጠ። ሰጪው ይታወቃል፤ ደሙ ይመረመራል። ነገር ግን ሰጪና ተቀባይ በአንድ ቤት፣ በአንድ ማእድ ያደጉ በመሆናቸው የአካባቢውንም በሽታ አብረው ይካፈላሉ። ከአውሮፓ መጻሕፍት የማይገኘው የካርቱም ትምህርት ይህ ነው።

በባዶ እግር የሚገባው ስትሮንጂሎይድስ የተባለ የአፈር ትል ለአሥርት ዓመታት በአንጀት ውስጥ ዝም ብሎ ሊኖር ይችላል። ስቴሮይድ ሲጀመር ግን ይባዛና ከአንጀት ወጥቶ ሳንባንና ደምን ይወርራል፤ የአንጀት ባክቴሪያንም ይዞ ይሄዳል። ፍቱን መድኃኒት ስላለው አስቀድሞ መመርመር ይህን ሁሉ ያስቀራል። ወባ ከሰጪው ኩላሊት ጋር ሊተላለፍ ይችላል። በገዳሪፍ፣ በመተማና በሑመራ አዝመራ ላይ የሠራ ሰው ካላዛር ያስከተለው ተሕዋስ በሰውነቱ ተደብቆ ሊቆይና መከላከያው ሲዳከም ሊነሣ ይችላል። ስለዚህ «ወጣት በነበርህ ጊዜ የት ሠራህ?» የሚለው የሐኪም ጥያቄ ወሬ ማሳለፊያ አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያደናግረው የሳንባ ነቀርሳ ነው። ዋናው የነቀርሳ መድኃኒት ሪፋምፒሲን ጉበት ሳይክሎስፖሪንንና ታክሮሊመስን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጋል። የታክሮሊመስ መጠን በደም ውስጥ ሲወርድ ሰውነት ኩላሊቱን መግፋት ይጀምራል። ያን ለማስቆም ስቴሮይድ ይጨመራል፤ ስቴሮይዱ ስኳሩን ያንራል፤ የናረው ስኳር ነቀርሳውን ያበረታል። ይህን ሰንሰለት የሚበጥሰው የመድኃኒቱን መጠን በደም ውስጥ ደጋግሞ መለካት ብቻ ነው። ለዚህም ቤተ ሙከራ፣ ኬሚካልና መብራት ያስፈልጋል።

በቤት ውስጥ የሚሆነውም ቀላል አይደለም። ከካሰላ የሚመጣው ግሬፕፍሩት በካርቱም ሙቀት የማይጠገብ ጭማቂ ነው፤ ለንቅለ ተከላ ታማሚ ግን ሳይክሎስፖሪንና ታክሮሊመስ በደሙ ውስጥ ከልክ በላይ እንዲከማቹ ያደርጋል። የእኛው ጥሬ ሥጋና ለብለብ ክትፎ፣ የሱዳኖቹም መራራ የሚባለው ጥሬ የሆድ ዕቃ፣ ያልፈላውም ወተት ተመሳሳይ ክልከላ ውስጥ ናቸው። ከቀዶ ሕክምና የተነሣን ሰው ተሰብስቦ መጠየቅ በሁለቱም ሕዝቦች ዘንድ የክብር ነገር ነው፤ አንድ የሚያስል ጠያቂ ግን ይበቃል። ጧት በባዶ ሆድ የሚለካ ስኳርም ያታልላል። ስቴሮይድ የሚወሰደው ጧት በመሆኑ ስኳሩ የሚወጣው ከቀትር በኋላ ነው፤ የጧቱ ቁጥር ደህና ሆኖ ሳለ ሰውየው ከሰዓት በኋላውን በሙሉ በከፍተኛ ስኳር ሊያሳልፍ ይችላል። ትኩሳትም እንዲሁ፤ የተዳከመ መከላከያ ትኩሳት የማንሣት ኃይሉ አነስተኛ ነውና ጥቂት ሙቀት ብቻ ከከባድ ኢንፌክሽን ጋር ሊመጣ ይችላል።

በኢትዮጵያ ይህ ሥራ የተጀመረው በመስከረም 2008 ዓ.ም. ነው። የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ከአሜሪካው የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በአዲስ አበባ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ማዕከሉን ከፈተ። እዚያም ሰጪዎቹ በሕይወት ያሉ ዘመዶች ናቸው፤ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንና ነቀርሳም እንግዳ አይደሉም። ከዚያ በፊት በውጭ አገር ታክሞ ለሚመለሰው ዋናው ችግር ቀዶ ሕክምናው ሳይሆን ክትትሉ ነበር።

መንገዱ ሲቆረጥ

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ፈነዳ። ባሕሪ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የውጊያ መስክ ነበረች፤ የጦሩ እጅ ዳግም የጸናባትም በ2025 መጀመሪያ ነው። በእነዚያ ወራት የከተማይቱ ሆስፒታሎች ሥራቸው ተቋረጠ፤ አሕመድ ጋሲምም ከዚህ አላመለጠም። በኖቬምበር 2023 ባሕሪን ከኦምዱርማን የሚያገናኘው የሸምባት ድልድይ ፈረሰ። ቀድሞ በሚኒባስ የሚደረስበት የክትትል ቀጠሮ የሌላ አገር ያህል ራቀ።

የኩላሊት እጥበት ሲቋረጥ ሰው በቀናት ውስጥ እንደሚሞት ሁሉም ያውቃል፤ ዜናውም ስለዚያ ነበር። ንቅለ ተከላ የተደረገለት ሰው ጥፋት ግን ዝግ ያለና ድምፅ የሌለው ነው። መድኃኒቱ ካለቀበት ኩላሊቱ ይገፋል። እንዲበቃው ብሎ በግማሽ ቢወስድም ያው ነው። መድኃኒቱ ኖሮት ልኬቱ ከሌለ ደግሞ ከልክ በላይ ወስዶ ለኢንፌክሽን ሊጋለጥ ይችላል። በ2024 የታወጀው ኮሌራ በ2025 ካርቱምን ሲያጥለቀልቅ ሌላ አደጋ ተጨመረ። ተቅማጥ መድኃኒትን ያጥባል ተብሎ ሲታሰብ፣ የታክሮሊመስን መጠን በደም ውስጥ ግን ከፍ ያደርገዋል፤ ውሃው ያለቀበትም ኩላሊት ይህን አይችልም። ኢንሱሊን በበኩሉ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍ ሙቀት መብራት በሌለበት ይበላሻል። ብዙ ቤቶች ወደ ጥንቱ ዚር፣ ወደ ሸክላው ማሰሮ ተመለሱ፤ በእርጥብ ሸክላ ውስጥ የተቀመጠ ጠርሙስ ከክፍሉ ሙቀት በብዙ ዝቅ ይላልና ይህ ጥበብ የሚናቅ አይደለም።

በገዳሪፍ አድርገው ወደ መተማ ለወጡት ደግሞ የድንበሩ ጉዳይ ነበር። በዚህ መስመር የሚጠየቀው የቢጫ ወባ ክትባት ሕያው ቫይረስ የያዘ ነው፤ መከላከያው በመድኃኒት ለተዳከመ ሰው አይሰጥም፣ ሊገድለውም ይችላል። እንዲህ ላለ ሰው የሚያስፈልገው የክትባቱ መርፌ ሳይሆን ክትባቱ እንደማይገባው የሚገልጽ የሐኪም ደብዳቤ ነው። አዲስ አበባም ሆነ ካይሮ የደረሰ ታማሚ በመጀመሪያው ቀን የሚጠየቀው ይኸንኑ የመሰለ ወረቀት ነው፦ ኩላሊቱ የተተከለው መቼ ነው፣ የሚወስደው የትኛውን መድኃኒት በስንት ሚሊግራም ነው፣ የመጨረሻው የደም ልኬት ስንት ነበር፣ ለነቀርሳ ታክሞ ያውቃል ወይ። ወረቀቱ ባሕሪ የቀረበት ሰው ከክኒን ማሸጊያው ላይ እያነበበ ይመልሳል።